ባልሆናችሁት ሰው አትቅኑ

ልጆቼ እንዴት ናችሁ፣ ሰላም ናችሁ ወይ። ይሄን የምጽፍላችሁ ኮምቦልቻ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቷል፣ የሰፈር ልጆችም ያው ጋሼ ጋሼ እያሉ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ የላብ ውጤት ይዞ አንብብልኝ ሊለኝ ነው የሚመጣው (ጡረታ ወጥቼም አልተላቀቁኝም)፣ አንዳንዱ ደሞ ዝም ብሎ ሊያወራ። እና ሰሞኑን ደጋግሜ የምሰማት ነገር አለች፣ "ጋሼ የኔ ነገር አብቅቷል፣ ህልሜ ሞቷል" ይሉኛል። ስንት አመትህ ነው ስለው ሃያ ሁለት ይለኛል። ሃያ ሁለት! መሳቅም መቆጣትም አማረኝ፣ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም በሃያ ሁለት አመት የሚሰማ ህመም ውሸት አይደለም፣ እውነት ያማል። ስለዚ የማውቀውን እየተንዘላዘልኩም ቢሆን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ሞቲቬሽናል ስፒከር አይደለሁም፣ ይቻላል ይቻላል እያልኩ አልጮህባችሁም፣ የማይቻልም ነገር አለ።

እኔ ዶክተር መሆን ነበር የምፈልገው። ደሴ ነው ያደግኩት፣ ብርዱ አጥንት እየገባ ባንድ አምፖል ስር አራት ልጅ ሆነን ነበር የምናጠናው፣ እና ሰፈር ውስጥ ጎበዝ ተማሪ ከተባልክ በቃ ዶክተር ነህ፣ ሌላ ሙያ ያለም አይመስላቸውም። ያኔ በደርግ ዘመን ደግሞ ሀኪም የሚያስተምሩት ቦታዎች ጥቁር አንበሳ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ እዚሁ ደሴ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ያስተምራል፣ እናታችሁ ምሳ ቋጥራ የምትልክላችሁ ርቀት ላይ ማለት ነው፣ ያኔ ግን መላው አገር ለነዛ ጥቂት ወንበሮች ነበር የሚሻማው። ማትሪክ ወሰድኩ፣ ነጥቤ መጣ፣ ለህክምና አልበቃም። የጎደለኝ ትንሽ ነው። ደሞ የሚያንገበግበው ትንሽ መሆኑ ነው፣ በብዙ ብጎድል ኖሮ እሺ ብዬ እተኛ ነበር። የደረሰኝ የላቦራቶሪ ዲፕሎማ ነው፣ በዛው ገባሁ፣ በዛው ጡረታ ወጣሁ።

አስቡት እንግዲ፣ ዶክተር መሆን ፈልጎ ያልሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ዶክተር እየተባለ ሲጠራ። ታማሚ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። በላቦራቶሪዋ ትንሽ መስኮት አንገታቸውን አስገብተው "ዶክተር ውጤቴ ደረሰ?" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ "እማማ እኔ ዶክተር አይደለሁም፣ የላብ ባለሙያ ነኝ" እል ነበር። "እሺ ዶክተር" ይሉኛል። በኋላ ተውኩት።

ታዲያ ቁጭቱ ጠፋ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልጠፋም። ጊዜ ሁሉን ያሽራል የሚሏችሁ ሰዎች ክፋት የላቸውም ግን ሁሉን አያሽርም፣ አንዳንዱን ነው። ሀምሌ ላይ ምርቃት ሲሆን፣ ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ፎቶ ሲነሳ፣ ሰርግ ላይ ደሞ የድሮ ጓደኛዬን "ዶክተር እገሌ" ብለው ሲያስተዋውቁና እኔን "አቶ" ሲሉኝ፣ እዚች ጋ ጠቅ ታደርገኛለች። ስድሳ አልፎኝም። ግን አብሽሩ፣ ጠቅ ማድረግ ሌላ፣ ኑሮን ማበላሸት ሌላ ነው፣ እኔም ልነግራችሁ የፈለግኩት በነዚህ በሁለቱ መሀል ስላለው ነገር ነው።

ቀስ እያለ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እኔ ስቀናበት የኖርኩት ዶክተር በህይወት ያለ ሰው አይደለም። ያልሆንኩት እሱ ራሴ ነው፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ይሄ ሰውዬ አያረጅም። የሌሊት ተረኛ አይገባም፣ ታማሚ እጁ ላይ አይሞትበትም፣ የቤት ኪራይ አይጨምሩበትም፣ ከሚስቱ ጋር አይጣላም፣ ጨጓራ የለበትም። እኔ ደሞ እውነተኛውን ኑሮዬን፣ ከነጨጓራዬ ከነእድሬ ከነብድሬ፣ ከሱ ጋር ሳወዳድር እኖራለሁ። ማን ያሸንፋል? እሱ ነዋ! ያልተኖረ ኑሮ ምን እንከን አለው።

እውነተኛውን ዶክተር ደሞ አውቀዋለሁ፣ አብረን ያጠናን ልጅ ነው፣ ለሱ ደረሰው። መጀመሪያ የተመደበው መኪና የማይገባበት ወረዳ ነው፣ ክረምት ሲሆን በበቅሎ ነበር የሚገባው፣ እናቱ የሞተች ጊዜ መልእክቱ ሲደርሰው ቀብሩ አልፏል። አንድ ቀን ቡና ላይ ቁጭ ብለን "አንተ እኮ ታድለህ፣ ሁሌ ደሴ ወርደህ ወጥተህ እናትህን ቀብረሃል" አለኝ። ምን ልበለው። በ2017 ግንቦት ላይ ደሞ ሀኪሞችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ስለ ደሞዛቸው ሲጮሁ አይታችኋል፣ እነዛ ሁሉ እኮ የኔን ህልም ያገኙ ልጆች ናቸው፣ እና የወር አስቤዛ አልሞላ ብሏቸው ነው የጮሁት። ይሄን የምላችሁ እንኳንም ዶክተር አልሆንኩ ለማለት አይደለም፣ እንደዛ አይነት ማጽናኛ አልወድም፣ የቀበሮና የወይን ተረት ነው። ብችል ዛሬም እሆን ነበር። የምላችሁ ውድድሩ ትክክል አይደለም ነው፣ አንዱ ላቡን እያፈሰሰ ይሮጣል ሌላው ፎቶ ነው።

አሁን ዋናው ጋ ልምጣ። ቁጭት ያለበት ሰው አልፈራም፣ የምፈራው ያኮረፈ ሰው ነው። ቁጭት ያለበት ሰው እያዘነም ስራውን ይሰራል። ያኮረፈ ሰው ግን "ይሄ የኔ ቦታ አይደለም" ብሎ ስለወሰነ እጁ ይሰራል ልቡ የለም። የኩርፊያው ክፋት ደሞ ዋጋውን የሚከፍለው ያኮረፈው ሰው ብቻ አለመሆኑ ነው። በኛ ሙያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ወባ ለመመርመር ምን እንደምናደርግ ታውቁ ይሆናል፣ ጣት ይወጋል፣ ስላይድ ላይ ሁለት ቦታ ደም ይደረጋል፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ስስ። ስሱ በሜታኖል ይነከራል፣ ሁለቱም ሲደርቁ ጊምሳ የሚባል ቀለም ይገባሉ፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዛ የዘይት ጠብታ ጣል አድርገህ በትልቁ ሌንስ ማየት ነው። ሌንሱ ባንድ ጊዜ የሚያሳይህ ክብ ቦታ ፊልድ ይባላል። ወባ ካለ አንዳንዴ የመጀመሪያው ፊልድ ላይ ይታይሃል፣ ያ ቀላል ነው። ከባዱ "የለም" ማለት ነው። የለም ብለህ ለመጻፍ ወፍራሙ ላይ ቢያንስ መቶ ፊልድ ማየት አለብህ። መቶ ባዶ ክብ። ዘይቱ፣ መብራቱ፣ አንገትህ፣ ውጪ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጫጫታ... እና ማንም አያይህም። ሰላሳ ላይ አቁመህ ኔጋቲቭ ብለህ ብትጽፍ ወረቀቱ ያው አንድ አይነት ወረቀት ነው፣ ማህተሙም ያው ማህተም ነው።

አንድ ልጅ መጣልን፣ የደሴ ልጅ፣ ገና እንደተመረቀ። ጭንቅላቱ እሳት ነው። ሶፍትዌር መማር ነበር የፈለገው፣ ምደባ ሲወጣ ላቦራቶሪ ደረሰው፣ ቤተሰብ ደሞ "ጤና ነው፣ ስራ አታጣም" ብሎ አስገባው። የሁላችንንም ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግነው እሱ ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ግን ሲቀመጥ ፊቱ ይጠቁራል፣ ትከሻው ሳይቀር ያስታውቃል። ጊዜው ከመስከረም በኋላ ነው፣ ዝናብ አልፎ ውሃ ሲቋጥር ያለው የወባ ሰሞን፣ ከሀርቡም ከባቲም ከየቆላው ሰው የሚጎርፍበት። አንዲት እናት ትንሽ ልጅ አዝላ መጣች፣ አሳየች፣ ኔጋቲቭ ተብላ በፓራሲታሞል ሄደች። ከሁለት ቀን በኋላ ልጁን ይዛው ስትመጣ ይንቀጠቀጣል፣ አይኑን ገልብጧል።

ስላይዶቻችንን ለጥራት ቁጥጥር ስለምናስቀምጥ የመጀመሪያዋን ፈልጌ አወጣሁና ራሴ አየሁ። ሃምሳ አለፈ ምንም የለም። ስልሳ ምናምን ላይ የወባዋ ቀለበት ብቅ አለች፣ ቀጭን፣ ጠርዟ ላይ ሁለት ቀይ ነጥብ ያላት፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ክፉው የወባ አይነት። ከዛ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ። የላብ ልጃችንን ወደ ጓሮ የውሃ ቧንቧው ጋ ወስጄ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኩት፣ ስንት ፊልድ አየህ አልኩት። ዝም አለ። ደግሜ አልጠየቅኩትም፣ ቆይቶ "ሰላሳ ይሆናል ጋሼ" አለኝ። እንግዲ ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ መሀይም አይደለም፣ ክፉም አይደለም። አኩርፏል። ያቺ እናት ደሞ ሶፍትዌር ስለሚባል ነገር ሰምታም አታውቅ።

ህጻኑ የአርቴሱኔት መርፌ ተጀምሮለት ዳነ፣ አልሀምዱሊላህ። (እኔ ስራ ስጀምር ክሎሮኪን ነበር፣ ከዛ ፋንሲዳር መጣ፣ ከዛ በነ1996 አካባቢ ኮአርተም፣ መድሀኒቱ ሁሉ እየተቀያየረ ማይክሮስኮፕና መቶ ፊልድ ግን ያው ናቸው።) የላብ ልጃችንስ ካላችሁ፣ ከዛ በኋላ ላቦራቶሪ ወደደ ብዬ አልዋሻችሁም፣ አልወደደም፣ ዛሬም አይወድም። ግን የፊልድ መቁጠሪያዋን በግራ እጁ ይዞ ቅ ቅ እያደረገ መቶ ይሞላል። ማታ ማታ ኮዲንግ ይማራል፣ አንድ ቀን ይሄድ ይሆናል፣ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ቁጭቱን ይዞ መኖር ችሏል፣ ኩርፊያውን ነው የጣለው።

ይሄን ነገር ካየሁ በኋላ ሌላውም ቦታ ይታየኝ ጀመር። ቢሮ ሄዳችሁ መስኮት ጋ ያለው ሰውዬ ቀና ሳይል "ነገ ተመለሱ" የሚላችሁ፣ ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ ገልብጦ የሚወጣ አስተማሪ፣ የሀረጎን ቁልቁለት፣ የደሴ ኮምቦልቻን መንገድ፣ ሲወርድ በንዴት የሚነዳ ሹፌር... በኔ ግምት ግማሹ ክፋት አይደለም፣ ሌላ ሰው መሆን ፈልጎ ያልሆነ ሰው ኩርፊያ ነው። አገሩ በሙሉ አንዱ የሌላውን ያልተሟላ ህልም ዋጋ እየከፈለ ነው የሚኖረው። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ ሙስናም አለ፣ ደሞዝም አይበቃም፣ ግን ሄዳችሁ ፊታቸውን እዩት።

አሁን ወደናንተ ልምጣ፣ ምክንያቱም የኔን ዘመን አይነት ነገር አይደለም የደረሰባችሁ። የ2014 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። የ2015 ደሞ 3.2። የ2016 ትንሽ ተሽሎ 5.4። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ስድስት ዘጠና ሰባቱ ሲወድቅ ያ ልጅ ቤቱ ገብቶ "እኔ ደደብ ነኝ" ብሎ ጣራ እያየ ይተኛል፣ በጎረቤቱም በዛኛውም ጎረቤት ያለው ልጅ እንደሱ ጣራ እያየ መሆኑን አያውቅም። እዚህ ወሎ ደሞ ከዛ በላይ ነው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ የተሰደደው፣ ቤቱ የተዘረፈው፣ ዘመድ የሞተበት፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ሲመለስ ትምህርት ቤቱ እንዳልነበረ ሆኖ የጠበቀው ተማሪ ስንት ነው። የጤና ተቋማቱም እንደዛው፣ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር የሄደበት ቦታ አለ። ከዛ መሀል ወጥታችሁ ለፈተና የተቀመጣችሁ ልጆች ናችሁ። ስለዚ በራሳችሁ ላይ የምትቆርጡትን ፍርድ ትንሽ አለዝቡት፣ የናንተ ያልሆነውን ጥፋት አትሸከሙ። የናንተ የሆነውን ግን ተሸከሙ፣ ቲክቶክ ላይ ያለቀው ሌሊት በጦርነት አይሳበብም፣ እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሌላ ሰው ዘግቶት የቀረ በር ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ በላይነህ ዲንሳሞ ነው። ወጣት ሆነን በሬዲዮ ነበር የሰማነው፣ በ1980 ሚያዝያ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የአለም ክብረወሰን ሰበረ። በወራት ልዩነት፣ በአዲሱ አመት መስከረም ላይ የሶል ኦሎምፒክ ነበር። በአለም ላይ ማራቶንን ከሱ የፈጠነ ሰው የለም፣ እሱ ግን ኦሎምፒኩ ላይ የለም፣ ምክንያቱም መንግስት አንሄድም አለ። ሞንትሪያልም እንደዛ ቀረን፣ ሎስ አንጀለስም እንደዛ። ስንት ሯጭ ጉልበቱ በደረሰበት አመት ቤቱ ቁጭ ብሎ ውድድሩን በወሬ ሰማ። የበላይነህን ልብ እሱ ነው የሚያውቀው፣ እኔ ተጽናንቷል ወይ አልተጽናናም ልላችሁ አልችልም። የማውቀው ያ ሰዓት አስር አመት ሙሉ ማንም ሳይሰብረው መቆየቱን ነው። ሶልን ማንም አልሰጠውም፣ ሮተርዳምን ግን ሮጦታል። እናንተም ሶላችሁ ተዘግቶ ይሆናል፣ ሮተርዳም የትኛው እንደሆነ አይታችኋል ወይ? ወይስ በተዘጋው ተናዳችሁ የተከፈተውንም በእግር ጉዞ ጨረሳችሁት?

አንድ ልጅ ይሄን ስነግረው "ታዲያ ጋሼ ህልሜን ልተወው ነው ወይስ ልያዘው?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀጥተኛ መልስም አለው ብዬ አምናለሁ። ገና በር ያለው ህልም ከሆነ ቀን ቁረጡለት። "አንድ ቀን" አትበሉ፣ አንድ ቀን የሚባል ቀን ካሌንደር ላይ የለም። እስከዚህ አመት ድረስ ይሄን ፈተና ደግሜ እወስዳለሁ፣ ይሄን ያህል ብር እቆጥባለሁ፣ ካልሆነ እዘጋዋለሁ በሉ፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ፣ ፌስቡክ ላይ ሳይሆን ለአንድ ሰው። ቀኑ ደርሶ ካልሆነ ደሞ አልቅሱለት። የምሬን ነው። እኛ ወሎዎች ለቅሶ እናውቃለን፣ ሰው ሲሞት ድንኳን እንጥላለን፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ይመጣል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ሶስተኛው ቀን ላይ ሽማግሌ ይነሳና በሉ እንግዲ ይላል፣ ድንኳኑ ይነቀላል። ሀዘኑ አላለቀም፣ ድንኳኑ ነው የተነቀለው። ለህልማቸው ግን ለቅሶ ሳይቀመጡ፣ ወይም ከተቀመጡ በኋላ ሃያ አመት ድንኳን ሳይነቅሉ የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ፣ ልጆቻቸውም እዛው ድንኳን ውስጥ ነው ያደጉት።

የልጅ ነገር ካነሳሁ አይቀር። እናንተም ነገ ወላጅ ትሆናላችሁ፣ ኢንሻአላህ። እኔ ሴት ልጅ አለችኝ፣ ባዮሎጂ ላይ ጎበዝ ነበረች፣ እና አስረኛ ክፍል ስትደርስ ቤት ውስጥ የሰው አካል ስእል ያለበት መጽሀፍ በድንገት መብዛት ጀመረ (ማን እንደገዛው አልናገርም)። ሚስቴ አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ መጽሀፎቹን ሰብስባ ፊቴ ላይ አስቀመጠችና "ይሄ የማን ህልም ነው?" አለችኝ። ምንም አልጨመረችም። ልጅቷ አካውንቲንግ ተማረች፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋ ስራ ያዘች፣ በ2014 አጎዋ፣ ያለ ቀረጥ እቃ ወደ አሜሪካ የሚያስልከው እድል፣ ሲቋረጥ ስጋት ውስጥ ገብተው ከርመው ነበር፣ አለፈ፣ አሁን ሌላ ቦታ ነች። አባቷ ሊያደርጋት የፈለገው ነገር መኖሩን የምታውቅ አይመስለኝም፣ ይሄን ካላነበበች። ቤተሰቦቻችሁ የራሳቸውን ያልሆነ ነገር እናንተ ላይ ጭነው ከሆነ በክብር መልሱላቸው፣ አትሳደቡ፣ እነሱም አንድ ቀን ሃያ ሁለት አመታቸው ነበር።

ደሞ ህልማችሁን ፈልፍላችሁ እዩት፣ አንድ ነገር አይደለም፣ ብዙ ነገር ተደባልቆበት ነው። እኔ የራሴን ፈልፍዬ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። አንደኛው ቁራጭ፣ የማይታየውን ማየት፣ ሰው ለምን እንደታመመ ማወቅ ነው። እሱን አግኝቼዋለሁ፣ ከበቂ በላይ። የሚያገረሽ ትኩሳት ያለበት ሰው ደም ማይክሮስኮፕ ስር ያየሁ ጊዜ ነበር፣ ይሄ በቅማል የሚተላለፈው፣ ሰው ተጨናንቆ በሚተኛበት ቦታ በክረምት የሚነሳው፣ ቀለም ሳትቀባ እርጥቡን ስታየው ያቺ እንደ ክር የተጠማዘዘች ባክቴሪያ በቀይ ደም ህዋሶቹ መሀል እየተወራጨች ትሄዳለች፣ ህዋሶቹን ገፍታ እያንቀጠቀጠቻቸው። ሀኪሙ እኔ ነግሬው ነው ያወቀው። በዛች ደቂቃ በዛ ህንጻ ውስጥ እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ይሄ ደስታ ዛሬም አለኝ። ሁለተኛው ቁራጭ ደሞ እናቴ ገበያ ስትሄድ "የዶክተሩ እናት" እንድትባል ነው። እሱ ቀረ። እሷም አልፋለች፣ የሚተካው ነገር የለም፣ ይተካል ብላችሁ አትምጡብኝ። ግን ሁለቱን ለይቼ ሳውቃቸው ጠቅላላው ህልሜ ቀረ ማለት አቆምኩ፣ የቀረው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። እናንተም ኢንጂነር መሆን ስትሉ መስራቱ ነው ወይስ መባሉ፣ ብሩ ነው ወይስ ከዚህ ከተማ መውጣቱ? መልሱ አሳፋሪ ቢሆንም ችግር የለውም፣ ማንም አይሰማችሁም፣ ብሩ ከሆነ ብር በሌላም መንገድ ይመጣል፣ መውጣት ከሆነም እንደዛው።

ስለ ሌሊት አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ቁጭት ሌሊት ነው የሚመጣው፣ በተለይ ስልክ እጅ ላይ ካለ። የክፍል ጓደኛችሁ ካናዳ በረዶ ላይ ቆሞ የለጠፈውን ፎቶ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አትዩ፣ ካያችሁም የህይወት ውሳኔ አትወስኑ። ጫት ቤት ምርቃና ላይ የሚወጣ ፕላንም እንደዛው ነው፣ ማታ ፋብሪካ ይከፈታል ጠዋት የታክሲ የለም፣ ይሄን የወሎ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ አላስረዳችሁም። ቁጭቱ ከአቅም በላይ ሆኖ መብላትና መተኛት ካስቆማችሁ፣ ወይ መኖር አልፈልግም የሚል ሀሳብ ከመጣ ግን ያ ከኔ ምክር በላይ ነው፣ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሄዳችሁ ለባለሙያ ንገሩ፣ ሀፍረት የለውም፣ ስኳርና ደም ግፊት እንደምትታዩት ነው የምትታዩት።

ፈተናውን በግል ደግማችሁ መውሰድ ለምትፈልጉ ደሞ፣ ሰፈራችን ያላችሁ ልጆች ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከአስር ሰዓት በኋላ ኑ አሳያችኋለሁ፣ ብር የለውም፣ ደብተር ግን ይዛችሁ ኑ፣ በስልክ ፎቶ እያነሱ መሄድ የለም። ሂሳብ የሚያሳያችሁ አንድ ጡረተኛ ጓደኛ አለኝ፣ እሱ ቁጡ ነው፣ ቻሉት። ቴክኒክና ሙያ መግባት የምትፈልጉም ብትሆኑ ኑና እናውራ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ነች፣ ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚችል እጅ ትፈልጋለች። የፈተናው ምዝገባ በኦንላይን ነው፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የድሮ ሰርተፊኬታችሁንም ከአሁኑ ፈልጉት።